ለስኳትና ለዴድሊፍት ዳሌን ማጠንከር፦ ሂፕ ትረስት፣ ሮማኒያን ወይስ ሌላ?

ስኳት ላይ (ባሩን ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ክብደቱ አልጨምር ሲል፣ ወይም ዴድሊፍት ላይ (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ብረቱ ጉልበት አካባቢ ደርሶ ሲቆም፣ ጂም ውስጥ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዳሌህ ደካማ ነው፣ እሱ ላይ ሥራ»። እሺ፣ ግን በምን? አንዱ ዳሌን ወደ ላይ የሚገፋውን ሂፕ ትረስት ይላል። ሌላው ቆሞ ከዳሌ በሚጎነበሱበት ሮማኒያን ዴድሊፍት ይምላል። ሦስተኛው ጉልበቱ ላይ ላስቲክ አስሮ ከግድግዳ ግድግዳ ወደ ጎን ይመላለሳል። ሁሉም ዳሌ ያሠራሉ፣ ውሸት የለውም። ዳሌን የሚፈትኑበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። አንዱ ጎንበስ ስትሉ ይከብዳል፣ ሌላው ቀጥ ስትሉ፣ ሌላው ደግሞ በአንድ እግር ስትቆሙ።

ስለዚህ «ምርጡ የዳሌ እንቅስቃሴ የቱ ነው?» ብላችሁ አትነሱ። ብረቱ የት ቦታ እንደሚያስቆማችሁ እዩና ከዚያ ተነሱ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ቅረጹ

አንድ ጊዜ ማንሳት ከምትችሉት ትልቁ ክብደት 85 በመቶ ገደማውን ጫኑ። ስልኩን ከጎን፣ ከዳሌያችሁ እኩል ከፍታ ላይ አስደግፉት። ሰው እንዲይዝላችሁ አታድርጉ። ጓደኛ ሲቀርጽ ፊታችሁን ይከተላል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ዳሌና ጉልበት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱና ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ተመልከቱት። ከዚያ አንድ ዙር ከፊት ለፊት ቅረጹ፤ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ከጎን አይታይም።

ስኳት ላይ ብዙ ሰው የሚጣበቀው ታች አይደለም። ተነስቶ ጭኑ ከወለሉ ጋር ትይዩ የሚሆንበትን ቦታ ትንሽ ካለፈ በኋላ ነው። ዴድሊፍት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፦ ብረቱ ከመሬት የማይላቀቅለትና ከጉልበት በላይ አድርሶ መጨረስ የሚያቅተው። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም።

ለምን ቦታው ለውጥ ያመጣል? ዳሌን የሚዘረጋው አንድ ጡንቻ ስላልሆነ ነው። ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ አለ። ከኋላ ጭን ላይ የሚወርዱት ሃምስትሪንጎች አሉ። ከውስጥ ጭን ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚረሳው ትልቅ ጡንቻ አለ። ሥራው እግርን ወደ መሀል መሳብ ብቻ ይመስለናል፤ ታች ቁጭ ስትሉ ግን ዳሌን ከሚያነሱት ዋነኞቹ አንዱ እሱ ነው። ሰውነት እየቀና ሲሄድ ሥራው ወደ መቀመጫው ጡንቻ ያዘነብላል። ሃምስትሪንግ ዳሌንም ጉልበትንም ስለሚሻገር ስኳት ላይ ብዙም አይሳብም፤ በአንዱ በኩል ሲረዝም በሌላው ያጥራል። ስኳት ብቻ የሚሠራ ሰው ኋላ ጭኑ ቀጭን ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥፋቱ የዳሌ ያልሆነ ጊዜ

ቪዲዮው ላይ መቀመጫችሁ ቶሎ ሽቅብ ሄዶ ደረታችሁ ወደ ታች የሚቀር ከሆነ፣ ቀሪውንም በወገብ የምትጎትቱት ከሆነ፣ ዳሌ ደካማ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የፊት ጭን ሸክሙ ሲበዛበት ሰውነት ጉልበቱን ቶሎ ዘርግቶ ሥራውን ለዳሌና ለወገብ ያስረክባል። እንዲህ ላለ ሰው ሂፕ ትረስት መጨመር ጠንካራውን ይበልጥ ማጠንከር ነው። ባሩን ከፊት ትከሻ ላይ ይዞ ፍሮንት ስኳት ይሥራ። ተረከዙ ሥር ስስ ዲስክ አድርጎ፣ ክብደት ቀንሶ፣ ቀስ ብሎ እየወረደ ስኳት ይሥራ።

ዴድሊፍት ላይም መቀመጫው ብረቱ ሳይነቃነቅ ቀድሞ የሚነሳ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አነሳሱ በጣም ዝቅ ብሎ ነው። ዴድሊፍትን እንደ ስኳት ሊጀምረው ይፈልጋል። ባሩ ከእግር መሀል በላይ ይሁን፣ ቅልጥም ባሩን ይንካ፣ ትከሻ ከባሩ ትንሽ ወደፊት ይለፍ። ይህን ብቻ አስተካክሎ በዚያው ቀን ብረቱ የቀለለው ሰው ብዙ ነው። ባሩ ከእጁ የሚያመልጠው ደግሞ መያዣውን ያጠንክር፤ ዳሌን አይውቀስ።

አንድ የሰፈር ጂም ጣጣም አለ። በውድድር ደረጃ ትልቁ ዲስክ ዲያሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ባሩ መሀሉ ከወለል 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ብዙ ትንንሽ ጂሞች ውስጥ ግን ያሉት ዲስኮች ከዚያ ያንሳሉ። ባሩ ዝቅ ይላል፣ እናንተም የበለጠ ትጎነበሳላችሁ። ከመሬት አልላቀቅ ያለው ብረት ሌላ ቦታ ላይ ሲሞከር ሊነሳ ይችላል። በሁለቱም በኩል ሥሩ ሌላ ዲስክ ወይም ጠንካራ ጣውላ አስቀምጡና ከፍታውን አስተካክሉ። ከዚያ በኋላም ካልተላቀቀ ያኔ ስለ ዳሌ እናወራለን።

ሮማኒያን ወይስ ሂፕ ትረስት?

ሰው በጣም የሚከራከረው በነዚህ ሁለቱ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልያቸው።

ሮማኒያን ዴድሊፍት ስሙን ያገኘው ከሮማኒያዊው ክብደት አንሺ ኒኩ ቭላድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው ሰውዬ ነው። አሜሪካኖች ሲሠራው አይተው በአገሩ ስም ጠሩት። እንቅስቃሴው ከላይ ይጀምራል። ቀጥ ብላችሁ ባሩን ይዛችሁ ቆማችኋል። ጉልበት ትንሽ ለቀቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይነቃነቅም። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉት፣ እጃችሁ ሁለት ዕቃ ይዞ የመኪና በር በመቀመጫችሁ እንደምትዘጉ። ባሩ ጭናችሁን እየታከከ ይወርዳል። መቀመጫችሁ ወደ ኋላ መሄድ ያቆመበት ቦታ የእናንተ ወለል ነው። ለብዙ ሰው ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ በታች የሚወርደው ባር የሚወርደው ወገብ ስለጎበጠ ነው፤ ምንም የሚጨምርላችሁ የለም።

የሚከብደው ታች ነው። ሃምስትሪንግና መቀመጫ ተለጥጠው ክብደቱን ይይዛሉ። ከመሬት መላቀቅ ለሚያቅተውና ባሩ ጉልበት ጋ ሲደርስ ለሚቆምበት ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ወገብን አጥብቆ መያዝንም አብሮ ያስተምራል። ክፉ ጎኑ? ያደክማል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በማግስቱ ደረጃ መውረድ ፍዳ ነው። ወገብም ከዴድሊፍቱ፣ ከስኳቱና ከሮማኒያኑ ተደራርቦ ሥራ ይበዛበታል።

ሂፕ ትረስትን ዛሬ በያዘው መልክ ያስፋፋው አሜሪካዊው አሠልጣኝ ብሬት ኮንትሬራስ ነው። ጀርባን አግዳሚ ላይ አስደግፎ፣ ባሩን ብሽሽት ላይ አድርጎ፣ ዳሌን ወደ ላይ መግፋት ነው። የሚከብደው ላይ፣ ዳሌ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ነው። ይህ የሮማኒያን ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ። ሮማኒያን ላይ ቀጥ ስትሉ ሸክሙ ለዳሌ ምንም አይሆንም፤ ሂፕ ትረስት ላይ ግን ዋናው ሥራ ያለው እዚያው ነው። ወገብም እንደ ሮማኒያን አይጨነቅም። ስለዚህ ዴድሊፍትን ከጉልበት በላይ አድርሶ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ወይም ወገቡ የደከመ ሰው ይጠቀምበታል።

አሠራሩ ላይ የማየው ችግር ሁሌ አንድ ነው። ሰው ላይ ሲደርስ በወገቡ ይለጠጣል። የጎድን አጥንቱ ሽቅብ ይወጣል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ዳሌው ግን ገና አልተዘረጋም። አገጭን ወደ ደረት አስጠጉ፣ የጎድን አጥንት ይውረድ፣ ዓይናችሁ ከፊታችሁ ካለው ግድግዳ አይነሳ። ላይ ስትደርሱ ቅልጥማችሁ ቀጥ ብሎ ይቁም። እግር በጣም ከራቀ ኋላ ጭን ይይዛል፣ በጣም ከቀረበ ፊት ጭን። ላይ ላይ አንድ ሰከንድ ያዙት። መያዝ ካልቻላችሁ ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው።

የሂፕ ትረስት ትልቁ ፈተና ኩራት ነው። ቁጥሩ ቶሎ ያድጋል። ስኳት ላይ 100 ኪሎ የሚይዝ ሰው እዚህ 140 ሲገፋ ብታዩ አይድነቃችሁ። ግን ያ 40 ኪሎ ስኳቱ ላይ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ብረት ገፍተው የማያውቁ ወጣቶችን ለ9 ሳምንት ከፋፍሎ፣ ግማሹን ስኳት ግማሹን ሂፕ ትረስት አሠራ። የመቀመጫ ጡንቻቸው በተቀራራቢ መጠን አደገ። ዴድሊፍታቸውም እንዲሁ። የፊትና የውስጥ ጭን ግን ስኳት የሠሩት ላይ የበለጠ አደገ፣ የስኳት ክብደትም የጨመረው በይበልጥ እነሱ ላይ ነው። ከዚህ የምወስደው ቀላል ነው። ስኳትን ለማሳደግ ብላችሁ ስኳት ቀንሳችሁ ሂፕ ትረስት አትተኩ። ለዴድሊፍት ግን፣ በተለይ ወገብ ማረፍ ሲፈልግ፣ ጥሩ ረዳት ነው።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሮማኒያንን እመርጣለሁ። ባርና ወለል ብቻ ነው የሚፈልገው። ሂፕ ትረስት አግዳሚው እንዳይንሸራተት ግድግዳ ማስደገፍ፣ ባሩ ብሽሽት እንዳይቆርጥ ወፍራም ፎጣ መጠቅለል፣ ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ባሩ ጭን ላይ ስለማይሻገር ሁለት ሰው ማስቸገር አለው። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ያንን ሁሉ ዘርግቶ መያዝ ጠብ መፈለግ ነው። ስሚዝ ማሽን (ባሩ በሐዲድ ላይ ብቻ የሚንሸራተትበት) ካለ ግን ጉዳዩ ይቀላል፤ እዚያ ላይ ሥሩት።

ስኳት ታች ለሚይዛቸው

እዚህ ላይ አቋሜ ከብዙው ሰው ይለያል። ስኳታችሁ ከታች ሲነሳ የሚከብድ ከሆነ ምርጡ የዳሌ ማጠንከሪያ ራሱ ስኳት ነው፤ ግን ጥልቅና ታች ላይ የሚቆም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ሙሉ ስኳትና ግማሽ ስኳትን ለ10 ሳምንት አወዳድሮ ነበር። ሙሉ የወረዱት የመቀመጫና የውስጥ ጭን ጡንቻቸው ከ6 በመቶ በላይ አደገ። ግማሽ የወረዱት ከ3 በመቶ አላለፉም። ሃምስትሪንግ በሁለቱም ምንም ለውጥ አላሳየም፤ ለሱ ሮማኒያን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከተለመደው የስኳት ክብደታችሁ 70 በመቶ ገደማ ጫኑ። ውረዱ፣ ሁለት ሰከንድ ቁሙ፣ ሳትፈቱ ተነሱ። ታች ላይ አየሩን ካስወጣችሁ አበቃ፤ ወገብ ይፈታል። 3 ዙር፣ በየዙሩ 4 ወይም 5 ጊዜ ይበቃል።

የውስጥ ጭንን ለብቻ መሥራት የሚፈልግ የኮፐንሃገን ፕላንክን ይሞክር። በጎን ተኝታችሁ የላይኛውን እግር አግዳሚ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ሰውነታችሁን በሱ ታነሳላችሁ። እግር ኳስ ተጫዋቾች ብሽሽታቸው እንዳይጎዳ ይሠሩታል። ጀማሪ ቁርጭምጭሚቱን ሳይሆን ጉልበቱን አግዳሚው ላይ ያድርግ። አለበለዚያ ብሽሽት ይሳባል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ቡልጋሪያን ስፕሊት ስኳት

የኋላ እግር አግዳሚ ላይ፣ የፊት እግር መሬት ላይ፣ እጅ ላይ ዳምቤል። ማንም አይወደውም። ግን የሚያሳያችሁን ነገር ሌላው አያሳይም፦ ግራና ቀኛችሁ እኩል መሆኑንና አለመሆኑን። በቀኝ 10 ሠርታችሁ በግራ 6 ላይ የምትቆሙ ከሆነ፣ ስኳት ላይ ዳሌያችሁ ወደ አንድ ጎን የሚሸሸው ከየት እንደመጣ አወቃችሁ። ሁልጊዜ ከደካማው እግር ጀምሩ፣ ጠንካራውን ከሱ አታስበልጡ። ደረት ትንሽ ወደፊት ሲያዘነብል ሥራው ወደ መቀመጫው ይሄዳል፣ ቀጥ ስትሉ ወደ ፊት ጭን። ሌላው ጥቅሙ ቤት ውስጥም መሠራቱ ነው። ባር የሌለው ሰው ከዚህ ይጀምር።

ላስቲኩስ?

ጉልበት ላይ ላስቲክ አስሮ ወደ ጎን መራመድ የዳሌን የጎን ጡንቻ ያነቃል። ለማሟሟቂያ ሁለት ዙር፣ በየአቅጣጫው 10 እርምጃ፣ ደህና ነው። ማጠንከሪያ ብሎ ግማሽ ሰዓት መጨረስ ግን ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ስኳት ላይ ጉልበት ወደ ውስጥ የሚገባበት ሰው ሁሉ ላስቲክ ይታዘዝለታል። በከባድ ክብደት ጉልበት ትንሽ ገባ ማለቱ ታላላቅ ክብደት አንሺዎች ላይም ይታያል። የሚያሳስበው በቀላል ክብደትም እየገባ፣ ከእግር ጣት መስመር ወጥቶ ሲቀር ነው። ያኔ ክብደቱን ቀንሱ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አጥብቃችሁ ትከሉ፣ ቡልጋሪያንም ጨምሩ። በአንድ እግር መቆም የጎን ጡንቻውን ከላስቲክ በላይ ያሠራዋል።

ባክ ኤክስቴንሽንና ጉድ ሞርኒንግ

ባክ ኤክስቴንሽን የሚሠራባት በ45 ዲግሪ ያዘነበለችው አግዳሚ ብዙ ጂም ውስጥ አለች፣ ጥግ ላይ ፎጣ ተሰቅሎባት። ይገርማል፣ ምክንያቱም ሮማኒያንንና ሂፕ ትረስትን በመጠኑ ታጣምራለች። ትራሱን ከዳሌ ዝቅ አድርጉት፤ ሆድ ላይ ከሆነ የሚሠራው ወገብ ነው። ዲስክ አቅፋችሁ፣ ዳሌን ወደ ትራሱ እየገፋችሁ ተነሱ። ከቀጥታ መስመር አትለፉ። ከዴድሊፍት በኋላ ድካም ለበዛበት ሰው ጥሩ መጨረሻ ናት።

ጉድ ሞርኒንግ ባሩን ትከሻ ላይ አድርጎ ከዳሌ መጎንበስ ነው። ይሠራል፣ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ብረት ላልገፋ ሰው አልመክረውም። ሮማኒያን ላይ ባሩ ቢያመልጣችሁ መሬት ይወድቃል። እዚህ ላይ አንገታችሁ ላይ ነው ያለው። የሚሞክር በባዶ ባር፣ በ20 ኪሎ ይጀምር።

የትኛውን የት ቀን?

ሮማኒያንን በስኳት ቀን፣ ሂፕ ትረስትን ወይም አግዳሚዋን በዴድሊፍት ቀን አድርጉ። ሮማኒያንን ከከባድ ዴድሊፍት ጋር በአንድ ቀን መደራረብ ወገብን መበደል ነው። ሰኞ ስኳት፣ ከዚያ ሮማኒያን 3 ዙር በ8። ሐሙስ ዴድሊፍት፣ ከዚያ ሂፕ ትረስት 3 ዙር በ10። ቡልጋሪያን ካስፈለገ ከሁለቱ በአንዱ ቀን 2 ዙር። ከዚያ በላይ አታብዙ። ሮማኒያንን ከዴድሊፍታችሁ ትልቁ ክብደት በግማሽ ጀምሩ። በየዙሩ መጨረሻ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም የሚያስችል ጉልበት ይቅር፤ እነዚህ ረዳት ናቸው፣ ፈተና አይደሉም። ሁሉም ከዋናው ማንሳት በኋላ ይመጣሉ። ቀድሞ ዳሌውን ጨርሶ ስኳት የሚገባ ሰው ስኳቱ ቢከብደው ማማረር አይችልም።

የሚያም ነገር ካለ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ይለይ። ስኳት ታች ላይ ብሽሽት ፊት ለፊት የሚቆነጥጣችሁ ከሆነ የእግራችሁን ስፋትና የጣታችሁን አቅጣጫ ቀያይሩ። የዳሌ አጥንት ጎድጓዱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለጓደኛችሁ የተመቸው አቋቋም ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ከወገብ ተነስቶ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ ደግሞ ብረቱን አስቀምጡና ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ትልቁን ክብደት ልትሞክሩ ስትሉ በዚያ ሳምንት ከሁሉ ቀድሞ የሚቀረው ሮማኒያን ነው። ኋላ ጭኑ የታመመ ሰው ከመሬት አያነሳም። ሂፕ ትረስትን በግማሽ ክብደት እስከ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መሥራት ይቻላል። ላስቲኩን በዕለቱም ለማሟሟቂያ ተጠቀሙበት።